የጠዋት ጭስና የከሰዓት ኦዞን፦ የአየር ብክለት ማስጠንቀቂያን ማንበብና ሥራን በሰዓቱ ማዋል

ለሞዴል አርሶ አደሮችና ከፊል አርብቶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ፣ ሀርሺን ወረዳ



ባለፈው ሥልጠና ስለ አየር ብክለት ጀምሬ «ኦዞን» የሚለውን ቃል ገና እንደጠራሁ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሱ። «ከዚህ በፊት የመጣው ባለሙያ ኦዞን እንደ ጃንጥላ ከፀሐይ ይከልለናል፣ እንዳይሳሳ ተጠንቀቁ አለን። አንተ ደግሞ ኦዞን ሳንባ ያቆስላል ትላለህ። የቱን እንያዝ?» አሉኝ። «አዴር፣ ሁለታችንም ትክክል ነን» አልኳቸው። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር ግን በደንብ ሳላስረዳ ተለያየን። ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። በየቀበሌያችሁ ለጎረቤት ስታስረዱ ወደ ሶማልኛ መልሳችሁ የምትናገሩት በመሆኑ፣ ባዕድ የሆኑ የሳይንስ ቃላትን በተቻለ መጠን ቀንሻለሁ።

አንድ ጋዝ፣ ሁለት ቦታ

የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ነው። ሦስተኛ አቶም ሲጨመርበት ኦዞን ይባላል። ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ይህ ጋዝ በብዛት ይገኛል፤ ቆዳን የሚያቃጥለውንና ዓይንን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር ያስቀራል። የቀድሞው ባለሙያ የተናገረው ስለዚህኛው ነው። በአሮጌ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የነበረው ጋዝና ሜቲል ብሮማይድ የተባለው የእህልና የአፈር ማጠኛ መድኃኒት ያሳሱት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል ከተማ በተፈረመ ስምምነት አገሮች እነዚህን ነገሮች ከጥቅም ውጭ ማድረግ ጀመሩ።

እዚህ መሬት ላይ፣ በአፍንጫችን ከፍታ የሚፈጠረው ኦዞንም ያው ጋዝ ነው። ልዩነቱ የቦታ ነው። ውሃ ቢርካ ውስጥ ሲሆን የሰውም የከብትም ሕይወት ነው፤ ጎተራ ውስጥ ሲገባ ግን እህል ያበሰብሳል። ውሃው አልተለወጠም፣ የገባበት ቦታ ነው የተለወጠው።

የመሬቱ ኦዞን ከአንድ ጭስ ማውጫ ወይም ከአንድ እሳት ቀጥታ አይወጣም። ፀሐይ የምታበስለው ነገር ነው። ለዚህ ሁለት ዓይነት ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋታል። አንደኛው የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባሉት ጋዞች ሲሆኑ ከናፍጣ መኪና፣ ከጄኔሬተርና ከማንኛውም ትልቅ እሳት ይወጣሉ። ሁለተኛው የቤንዚን፣ የቀለምና የጭስ ተን ነው። ወደ ቶግ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱት አይሱዙዎችና ተሳቢዎች፣ በየጫካው የሚጨሰው የከሰል ማክሰያ፣ በከተማ ዳር የሚቃጠለው የፌስታል ቆሻሻ፣ ሁሉም ለዚህ ጥሬ ዕቃ ያቀርባሉ። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋሱ ሲሞትና ፀሐይ ሲበረታ ምጣዱ ይግላል። በጂላል ወራት ይህ ሁኔታ ለተከታታይ ቀናት እንደሚቆይ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ይሄ የከተማ በሽታ ነው፣ እኛ ንጹሕ አየር ላይ ነን» ይባላል። በአቧራማው የገበያ ጎዳና ላይ ለጭስ እውነት ሊሆን ይችላል። ለኦዞን ግን አንዳንዴ ተቃራኒው ነው። ከመኪና ትኩስ የሚወጣው ጋዝ በአቅራቢያው ያለውን ኦዞን ይበላዋል፤ ከዚያ ጥሬ ዕቃው በነፋስ ተነድቶ ከከተማ ሲርቅ፣ በመንገድ ላይ ፀሐይ እያበሰለችው ይሄድና ገጠር ላይ ከመሐል ከተማው በልጦ ይገኛል። በሌሎች አገሮች መሣሪያ ተክለው የለኩ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከጅግጅጋ ወይም ከዋናው መንገድ በኩል በሚመጣበት ቀን ራሳችንን ከጉዳዩ ውጭ አድርገን አንቁጠር።

ሁለት ሰዓት ያለው ችግር

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጭስና ኦዞን የሚበረቱት በተለያየ ሰዓት ነው።

በጂላል ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ከላዩ እንደ ክዳን ሞቅ ያለ አየር ይተኛበታል። የማታ ምግብ ጭስ፣ የከሰል ማክሰያው ጭስ፣ ሌሊት የተቃጠለው ቆሻሻ ሁሉ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ያድራል። ጎህ ሲቀድ በዝቅተኛ ቦታ ላይ እንደ ጉም የሚታየው ብዙ ጊዜ ጉም አይደለም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው፣ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ፣ ክዳኑ ይከፈትና ጭሱ ይበተናል።

ኦዞን ግን ያን ጊዜ ገና አልተነሳም። ከረፋዱ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይከብዳል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ይቀንሳል። ጥርት ያለውና ምንም ጭስ የማይታይበት ከሰዓት ነው የሱ ሰዓት። ቀለም የለውም፤ ሳንባ በሚጎዳ መጠን ሲኖርም ብዙ ሰው ሽታው አይሰማውም። «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» ብለን ከባዱን ሥራ የምናስቀምጥለት ሰዓት ነው እንግዲህ።

ከባድ ቁፋሮ፣ እርከን ሥራ፣ የቢርካ ደለል ማውጣት፣ እህል መጫንና ማራገፍ የመሳሰለው ሥራ በተቻለ መጠን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ቢሠራ ከሁለቱም ያመልጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያስገባል። ዶማ የያዘ ሰው ግን 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ያስገባል፤ ያውም በአፍ። የአየሩ መርዝ ባይጨምርም ወደ ሳንባ የሚገባው አምስት እጥፍ ይሆናል።

ይህን በመጽሐፍ ተምሬው ነበር፣ ግን የገባኝ በራሴ ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት የመስክ ቀን እንግዶች ከከተማ እስኪደርሱ ብዬ የግማሽ ጨረቃ እርከን ቁፋሮውን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት ገፋሁት። ከቦታው ብዙ ሳይርቅ ሁለት የከሰል ማክሰያዎች ለሦስተኛ ቀን ይጨሱ ነበር። አስም ያለበት አንድ አባወራ ከሌሎቹ እኩል ሲቆፍር ቆይቶ ማሳል ጀመረ። ሙቀት መስሎኝ ጥላ ሥር አስቀምጬ ውሃ ሰጠሁት። የሚነፋውን መድኃኒት ቤቱ ትቶት መጥቷል። ከንፈሩ ሲጠቁር ነው የደነገጥኩት። በእንግዶቹ መኪና ጤና ጣቢያ ደርሶ ተረፈ። በዕለቱ ኦዞኑን የለካ መሣሪያ ስላልነበረ የጎዳው እሱ ብቻ ነው አልልም፤ ጭሱም አቧራውም ሙቀቱም አብረው ነበሩ። ሰዓቱን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፕሮግራም ከ5 ሰዓት በኋላ ዶማ አይነሳም፤ እንግዳ ቢዘገይ የተቆፈረውን ያያል።

ሳንባ ላይ የሚያደርሰው

ኦዞን ከነካው ነገር ጋር ቶሎ የሚዋሃድ ጋዝ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ የአየር ቧንቧዎችን ስስ ሽፋን ያቆጣል፤ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ። ሰውየው ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ሕመሙ በቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊተወው ይችላል፤ ውስጡ ግን ሳይድን ሊቆይ ስለሚችል በማግስቱ ዳግም ሲጋለጥ ይብስበታል። የአስም ሕመምተኛ፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ቀኑን ሙሉ ደጅ የሚሠራ ሰው ቀዳሚ ተጎጂዎች ናቸው። ከብት የሚጠብቁ ልጆቻችን ከእነዚህ ሁለቱን አጣምረው ይይዛሉ፤ ልጆችም ናቸው፣ ቀኑንም ደጅ ይውላሉ።

አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ኪሱ ይያዝ። ለመናገር እስኪያቅተው የሚያፍነው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሰው ካለ ጥላና ውሃ አይበቃውም፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሌላም አለ፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየን ሳል «የከሰል ጭስ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የቲቢ ምርመራ ይደረግ። ጭስ ለስንፍናችን ማመካኛ ሲሆን አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያው ከየት ይመጣል?

በአንዳንድ አገሮች የኦዞን መጠን ሊያልፍ ሲል መንግሥት ከአንድ ቀን በፊት በሬዲዮና በስልክ ያስጠነቅቃል፤ ትምህርት ቤት ልጆችን ከሜዳ ያስገባል። በአገራችን በስፋት የታወቀው የአየር መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በአዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ የተተከለው ነበር። የጥቃቅን ብናኝን መጠን በየሰዓቱ በቀለም ለይቶ ለሕዝብ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አገሪቱ በየኤምባሲዎቿ የምትለካውን ለሕዝብ ማሰራጨት አቆመች። ሌላ ሰው በያዘው መሣሪያ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ሲያጠፋው ይጠፋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ አርብቶ አደር ይቀርባል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደረሰ። በሳተላይት የሚከታተለው የፈረንሳዩ የቱሉዝ ማዕከል ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ ያወጣ ነበር። በአፍዴራ አካባቢ ግን መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ፣ ከብቱ የሚግጠው ሣርም ከአመዱ ሥር ሆነ። ሰማይ ላይ ለሚያልፈው የተዘጋጀው ማስጠንቀቂያ መሬት ላይ ላለው አልተሠራም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ቤት አንድ ዘመናዊ ስልክ ያለው ልጅ አለ። የአየር ሁኔታ የሚያሳዩ የስልክ ፕሮግራሞች የአየር ጥራት ቁጥርም ይሰጣሉ። ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ አገልግሎት ለዓለም ሁሉ፣ ኦዞንን ጨምሮ፣ የጥቂት ቀናት ትንበያ ያወጣል። ልጁ እንዲያነብላችሁ ስታደርጉ አነባበቡን እወቁ። በብዛት የሚታየው መለኪያ ከ0 እስከ 500 ይቆጥራል። እስከ 50 አረንጓዴ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ። ከ51 እስከ 100 ቢጫ ነው። ከ101 እስከ 150 ብርቱካናማ ሲሆን አስም ላለበት፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ አደጋው የሚጀምርበት ነው። ከ151 እስከ 200 ቀይ ነው፤ ጤነኛውም ከባድ ሥራ ያሳጥር። ከዚያ በላይ ሐምራዊ፣ ከ300 በላይ ደግሞ ደማቅ ቡናማ ቀይ ይሆናል። ይህ ቁጥር በመቶኛ አይደለም፤ «100 ሞላ ማለት አበቃ» ብሎ ያስረዳ ወጣት ስላጋጠመኝ ነው የምጽፈው።

ከቁጥሩ አጠገብ የበካዩ ስም ይጻፋል። የ«ኦ» ፊደል ከ3 ቁጥር ጋር ካያችሁ ኦዞን ነው። ፒኤም 2.5 ካለ ከፀጉር ዘለላ ውፍረት አንድ ሠላሳኛ የማይሞላ ብናኝ ነው፤ ከጭስ የሚመጣው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ኦዞን በ8 ሰዓት አማካይ ከ100 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ፣ ፒኤም 2.5 ደግሞ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። ስሙን መለየት ያስፈለገው መከላከያው ስለሚለያይ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስልኩ የሚያሳየው በብዙ ቦታ ከሳተላይትና ከስሌት የተገኘ ነው። አንዱ ቁጥር በአሥር ኪሎ ሜትሮች ለሚቆጠር ስፋት የተሰጠ ነው። ከቤታችሁ ጀርባ የሚጨሰውን የከሰል ክምር አያይም። ስለዚህ በዓይናችሁ አሟሉት። በንጹሕ ቀን የምታዩትን ሩቅ ኮረብታ ምልክት አድርጉ፤ ጠዋት ካልታየ ስልኩ አረንጓዴ ቢልም አየሩ ጭስ ወይም አቧራ ነው። ለኦዞን ዓይን አይረዳም። ለሱ ሦስት ነገር ደምሩ፦ ፀሐዩ የበረታ፣ ነፋሱ የሞተ፣ አካባቢው ላይ ለቀናት ጭስ የነበረ ከሆነ የዚያን ቀን ከሰዓት እንደ ብርቱካናማ ቀን ቁጠሩት።

ጭንብልና ቤት

ለአቧራና ለጭስ ብናኝ በአፍና በአፍንጫ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ጭንብል ይረዳል። ሻሽና ነጠላ ትልልቁን አቧራ ያስቀራል፤ የጭሱን ብናኝ ግን በአብዛኛው ያሳልፋል። ኦዞን ጋዝ ስለሆነ ሁለቱም አያስቆሙትም። ጭንብል አድርጎ በ8 ሰዓት ፀሐይ የሚቆፍር ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ለኦዞን መድኃኒቱ ሰዓት መቀየር፣ ሥራ ማቅለልና ቤት መግባት ነው።

ቤት መግባት የሚለው ምክር ግን የተጻፈው በቤቱ ውስጥ እሳት ለማይነድበት ሰው ነው። ኦዞን ቤት ውስጥ ግድግዳና ዕቃ እየነካ ስለሚጠፋ ከደጁ በብዙ ያንሳል፤ ይህ እውነት ነው። እኛ ቤት ግን ላሆህ እየተጋገረ፣ ሻይ በከሰል ምድጃ ተጥዶ፣ ከሰዓት ላይ ደግሞ ዳብቃድ ላይ ኡንሲ ይጨሳል። ከኦዞን የሸሸው ሰው ጭስ ውስጥ ይገባል። እናቶችና ጀርባ ላይ ያለው ሕፃን ከሁላችን በላይ የሚተነፍሱት ይህንን ነው። ኡንሲ ይቅር አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም፣ ባለቤቴም አትሰማኝም። ልጅ የሚያስለው ቤት ግን ኡንሲው ደጅ ተጭሶ ልብሱ ይታጠንበት፣ ምግቡም አየር በሚያልፍበት ዳስ ሥር ይብሰል። እንደ ላቀች ያለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ የተቆጠበው ከሰል ያልተጨሰ ጭስ ነው። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሽታ የሌለው ሌላ ጋዝ በአንድ ሌሊት ይገድላል። እሳቱ ደጅ ሳይወጣ በር አይዘጋ።

ሰብልና ከሰል

ኦዞን ሰብልም ይጎዳል። በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ገብቶ ውስጡን ያቃጥላል፤ በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፣ ቅጠሉም ያለጊዜው ቢጫ ሆኖ ያረጃል። ስንዴና የባቄላ ዘሮች ይጎዱበታል፤ በቆሎና ማሽላ የተሻለ ይቋቋማሉ። ይሁንና በጅግጅጋ ሜዳ ስንዴው ቢጫ ሲሆን ቀድማችሁ ዋግን፣ የውሃ እጥረትንና የናይትሮጅን ማነስን መርምሩ፤ የልማት ሠራተኛችሁንም ጥሩ። ኦዞንን የመጨረሻ ተጠርጣሪ አድርጉት።

ስለ ከሰል መጻፍ ከባድ ነው። በድርቅ ዓመት ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ከሰል አክስሎ ልጆቹን እንዳበላ አውቃለሁና «ተው» ብዬ ብቻ አላልፍም። የግራሩ መጨፍጨፍ ለግጦሹ ምን እንዳደረገ በሌላ ሥልጠና ተነጋግረናል። ከጭሱ አንፃር ግን ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል አለ። ማክሰያው ከመንደር፣ ከትምህርት ቤትና ከቢርካ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጭሱን ከሰው በሚያርቅበት ጎን ይቆፈር። እንጨቱ ሳይደርቅ አይከመር፤ እርጥብ እንጨት ብዙ ቀን ይጨሳል፣ የሚወጣው ከሰልም ያነሰ ነው። የሚጠብቀው ሰው ከጭሱ በታች ሳይሆን ከነፋሱ በላይ ይቀመጥ፤ አስም ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ አይመደብ። ቁጥቋጦ መንጥሮ ማቃጠልና ፌስታል ማቃጠል ግን ምንም ገቢ የሌለው ጭስ ነውና እሱን ማቆም ማንንም አያስርብም። የእህል አገዳ የሚያቃጥል በእኛ አካባቢ እንደሌለ አውቃለሁ። በጂላል አገዳ የሚያቃጥል ሰው ፍየሉን ነው የሚያቃጥለው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ

በሞዴል አርሶ አደር ደብተራችሁ ላይ፣ ዝናብ በምትመዘግቡበት ገጽ ጎን፣ ለ30 ቀናት አራት ነገር መዝግቡ፦ ጠዋት ምልክት ያደረጋችሁት ኮረብታ ታየ ወይስ አልታየም፣ ከሰዓት ነፋሱ ከየት ነበር፣ በአካባቢው ስንት ማክሰያ ይጨስ ነበር፣ ከቤተሰቡ ማን በስንት ሰዓት ሳለ። መጻፍ የማይችል አባወራ ልጁን ያስጽፍ። ደብተሮቹን ይዛችሁ ስትመጡ ጎን ለጎን አስቀምጠን በየቀበሌው ሳሉ የሚበረታበትን ሰዓትና የነፋስ አቅጣጫ እናወጣለን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ትገኛለች። ስብሰባው በማሰልጠኛ ማዕከሉ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይጀመራል።